በአንድ ነጭ ሻርፕ ጉዳይ የተጻፉ 47 መልሶች

በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ የወጣው ጥያቄ ቀላል ነበር። ጠያቂው ለቅርብ ጓደኛው ሚዜ ሊሆን ነው፤ ድግሱ የምሽት ነው፤ መጥሪያው ላይም ቱክሲዶ፣ ማለትም የምሽት ድግስ ሙሉ ልብስ፣ እና ጥቁር የቢራቢሮ ከረባት ተብሎ ተጽፏል። ልብሱን አሟልቷል። የቸገረው አጎቱ የሰጠው ነጭ ሻርፕ ነው፤ ረጅም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ዘርፍ ያለው። ይታሰር ወይስ ዝም ብሎ ይንጠልጠል? አዳራሽ ከተገባ በኋላስ አንገት ላይ ይቆያል ወይስ ይወልቃል? እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ነገሩ በሦስት መልስ ያልቅ ነበር። እሱ ግን በመጨረሻው መስመር ላይ አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ከረባት እንደ ሞተ፣ የወንድ አንገትም ከእንግዲህ የሻርፕ እንደሆነ። ሰው ሁሉ የተነሣው በዚች መስመር ነው። መልሶቹን ከአንድ እስከ አርባ ሰባት አንብቤ የጨረስኩት በአንድ ምሽት ነው፤ የሚከተለው የእነሱ ወሬ ነው፤ እኔም አልፎ አልፎ ጣልቃ ገብቻለሁ። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መላሽ ስለ ሚዜነቱ እንኳን ደስ አለዎት ብሎ፣ በአንቱታ፣ በጣም በጨዋ ወግ ጀመረ። ሻርፑ ሳይታሰር ከካፖርት ሥር ይውላል፤ በር ላይ ከካፖርቱ ጋር ይወልቃል። ይኸው ነው። 2ኛው ከ1ኛው ጋር መስማማቱን በሁለት ቃል ገልጾ ሄደ።

ምክንያቱን ያመጣው 3ኛው ነው። እሱ እንደሚለው ነጩ የሐር ሻርፕ ዝምድናው ከካፖርቱ ጋር ነው፤ ከቱክሲዶው ጋር አይቆጠርም። ካፖርት የሱፍ ጨርቅ ነው፤ እንደ ሸሚዝ በየጊዜው አይታጠብም። ኮሌታው ባዶ አንገት ላይ ባረፈ ቁጥር ላብና ቅባት ይጠጣል። ሻካራነቱ ደግሞ በተራው የሸሚዙን ነጭ ኮሌታ ይፈትጋል፣ የቢራቢሮ ከረባቱን ያጣምማል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ስስና አዳላጭ ነገር ይገባል፤ እሱ ሲቆሽሽ ይታጠባል፣ ካፖርቱ ግን ይድናል። ሐር የተመረጠው ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ ካፖርቱ ሲለበስና ሲወልቅ ሳይዝ ስለሚያንሸራትት ጭምር ነው። የማይታሰረውም በዚሁ የተነሣ ነው፤ ሐር ሻርፕ ላይ ቋጠሮ አይጠናም፤ ቢጠናም ከሥሩ ያለውን የቢራቢሮ ከረባት ይደፈጥጣል። ሁለቱ ጫፎች እኩል ወርደው፣ ደረት ላይ ተደራርበው፣ ካፖርቱ ሥር ይተኛሉ። ካፖርቱ ሲወልቅ ሥራቸው አለቀ። ሲጨርስም ምርጫው የእርስዎ ነው በሚል ትሕትና ነበር። ከአርባ ሰባቱ አንዱን ብቻ ይዘህ ሌላውን ተው ብባል ይህን እይዛለሁ፤ ከሕጉ ጋር የሕጉን እናት ያሳየ እሱ ብቻ ነው።

4ኛው በዚህ አልረካም። እንዲህ ያለውን ሕግ ማን አወጣው፣ ማንስ ፈረመበት፣ ሰው በገዛ አንገቱ ላይ ፈቃድ የሚጠይቀውስ ከማን ነው ሲል ጠየቀ። አነጋገሩ ሻከር ይላል እንጂ ጥያቄው መጥፎ አልነበረም። ጠያቂው በ5ኛው ላይ ተመልሶ፣ በድሮ ፎቶዎች ቱክሲዶ የለበሱ ሰዎች ሻርፕ አንገታቸው ላይ እንዳለ ሲስቁና ሲጨባበጡ ማየቱን ጻፈ። 6ኛው ደግሞ ፎቶ አንሺ የሚቆመው በር ላይ መሆኑን አስታወሰው። ሰዎቹ የተነሱት ሲገቡ ወይም ሲወጡ ነው፤ እራት ላይ ተቀምጠው ሳለ የተነሳ ፎቶ እንዲፈልግ መከረው። ጠያቂው ፈልጎ እንደሆነ አላውቅም፤ ፎቶ ግን አላመጣም።

ክሩን፣ ማለትም የውይይቱን ሰንሰለት፣ የቀየረው 7ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ዕድሜውን በመርፌ የጨረሰ ልብስ ሰፊ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ስለ ሕጉ ምንም አልተናገረም፤ የጠየቀው ሻርፑ በእርግጥ ሐር መሆኑን ነው። የሚያብለጨልጭ ሁሉ ሐር አይደለም። መጀመሪያ ጠርዙ ይታይ፤ በእጅ የተጠቀለለ ጠርዝ ትንሽ ያበጠና ስፌቱ ወጣ ገባ ያለ ነው፤ የመኪና ስፌት ግን ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ነው። ይህ ካልለየ ከዘርፉ አንዲት ክር ተነቅላ፣ በወረንጦ ተይዛ፣ ሳህን ላይ በክብሪት ትፈተን። ሐር እንደ ፀጉር ፕሮቲን ስለሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ከእሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፤ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቃል። ፖሊስተር፣ ሰው ሠራሹ ጨርቅ፣ ከሆነ ግን ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ሆኖ ይቀራል። 8ኛው በዚህ ሳቀ፤ የአጎትን ስጦታ በክብሪት መመርመር ነውር መሆኑን ለጌታው ልብስ ሰፊ አሳሰበ። ይቺን ጌታው የምትል ቃል ያዟት፤ ወደ እሷ እንመለሳለን።

ከ9ኛው ጀምሮ ወሬው ወደ ታሪክ ሸሸ። ጸሐፊው ከረባት ሞተ የተባለው ክፉኛ የቆረቆረው ሰው ነው። በአውሮፓው የሠላሳ ዓመት ጦርነት፣ ከ1618 እስከ 1648 በዘለቀው፣ በቅጥር ይዋጉ የነበሩ የክሮኤሽያ ወታደሮች አንገታቸው ላይ ጨርቅ ያስሩ እንደነበር፣ ፈረንሳዮች ያንን አይተው እንደወደዱት፣ ሉዊ 14ኛም በዳንቴል አሠርቶ የቤተ መንግሥት ልብስ እንዳደረገው ተረከ። ክራቫት የሚለው ቃል የመጣው ከሰዎቹ ስም ነው፤ እኛ ከረባት የምንለውም የዚያው ቃል ልጅ ነው። ክሮኤሽያውያን ይህን አልረሱም፤ በ2003 በፑላ ከተማ ያለውን የሮማውያን ዘመን ስታዲየም 808 ሜትር በሚረዝም ቀይ ከረባት ዙሪያውን አሰሩት፤ በ2008 ደግሞ ፓርላማቸው ኦክቶበር 18ን የከረባት ቀን አደረገው። የሞተ ነገር ልደት አይከበርለትም የሚል ነበር መደምደሚያው። እኔ ግን የሞቱ ሰዎችም ልደታቸው ሲከበር አይቻለሁ።

10ኛው በጨዋነት አረመው። የአንገት ጨርቅ ከክሮኤሽያውያኑ በፊት ነበር፤ በ1974 በቻይና ከመሬት የወጡት የመጀመሪያው ንጉሠ ነገሥት የሸክላ ወታደሮች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ210 ገደማ የተቀበሩት፣ አንገታቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመዋል። በ113 ሮም ላይ በቆመው የትራያን ዓምድ የተቀረጹ ወታደሮችም እንዲሁ። 11ኛው ይህን ሲያነብ ደሙ ፈላ። አንተ የሚለው ቃል መጀመሪያ የታየው እዚህ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስዎ ይባባል ነበር። የጦር ብረት አንገት እንዳይልጥ የተጠቀለለ ጨርቅ ከረባት ከተባለ ፋሻም ከረባት ነው፤ 10ኛው ልብስና ማሰሪያ አይለይም ማለት ነው። ዘለፋውን ትተን ነገሩን ብናየው፣ 11ኛው ሳያውቀው የ3ኛውን ነገር ነው የደገመው፤ ሻርፕም ቢሆን መነሻው አንገት እንዳይላጥ ነው።

በ12ኛው ልብስ ሰፊው ተመለሰ፣ ይቅርታ፣ ተመለሰች። ጌታው ላሏት ሁሉ ሴት መሆኗን በአጭሩ አሳወቀች፤ ከዚያ በኋላ ስለ እሷ የሚጽፍ ሁሉ እመቤቴ ማለት አበዛ፤ ይህም ትንሽ አሳቃት መሰለኝ። የታሪኩ ጭቅጭቅ ግን ወሳኙን ሰው እንደዘለለ አመለከተች። አሁን የምናስረው ከረባት የተወለደው ነገሥታት ዘንድ ሳይሆን መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነው። በ1920ዎቹ የኒው ዮርኩ ከረባት ሠሪ ጄሲ ላንግስዶርፍ ጨርቁን በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ ቆርጦ በሦስት ቁራጭ ሰፋው። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጨርቅ ሲታሰር ይጠመዘዛል፣ ሲፈታም እንደተጨማደደ ይቀራል፤ በሰያፍ የተቆረጠው ግን እንደ ላስቲክ ይሳብና ወደ ቦታው ይመለሳል። ከጀርባ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው ስፌት ላላ ብሎ በአንድ ክር የሚሰፋውም ከረባቱ ሲሳብ አብሮ እንዲላወስ ነው፤ ጥሩ ከረባት ገለበጥ ቢደረግ ጫፉ ላይ የክሩ ትርፍ በትንሽ ቀለበት መልክ ይታያል። ያንን ክር የተንጠለጠለ መስሏቸው የሚቆርጡ ደንበኞች እንዳጋጠሟት፣ በሳምንቱም ስፌቱ ተፈትቶ እንደሚመጡ ጨመረች። እኔ ራሴ አንዴ ቆርጬዋለሁ። እዚህ ሳነበው ነው ለምን እንደተፈታ የገባኝ።

13ኛው ስቴንከርክ የሚባለውን የክራቫት አስተሳሰር ወሬ አመጣ፤ በ1692 ጦርነት ላይ ድንገት የተጠቁ የፈረንሳይ መኮንኖች ክራቫታቸውን ለማሰር ጊዜ አጥተው ጫፉን ጠምዝዘው በኮታቸው የቁልፍ ቀዳዳ አሳለፉት፤ ፋሽን ሆኖ ቀረ፤ ይባላል። እንዲህ ያለ ወሬ እውነት ባይሆን እንኳ ቢሆን ደስ ይላል። 14ኛው አዲስ ገቢ ሻርፑ ነጭ ከሆነ የቢራቢሮ ከረባቱም ነጭ ቢሆን ምን ነበረበት ብሎ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠው ራሱ 1ኛው ነው፣ በዚያው በአንቱታው። ነጭ የቢራቢሮ ከረባት ፒኬ ከሚባለው ወጣ ገባ የጥጥ ሽመና ይሠራል፤ ከዚያው ጨርቅ ከተሰፋ ነጭ ሰደርያና ከኋላ ረጅም ጅራት ካለው ኮት ጋር ብቻ ይሄዳል። ከቱክሲዶ ጋር ሲታሰር ሰውየው ከሁለት ድግስ ተበድሮ የለበሰ ይመስላል። ጥቁሩ ሐር ነው፤ የኮቱ ኮሌታ የሚያብለጨልጭ ከሆነ እሱም ይብለጭለጭ፣ ደብዛዛ ከሆነም ይደብዝዝ።

ከዚያ የቋጠሮ ቆጣሪዎች ዘመን መጣ። 16ኛው ሁለት የካምብሪጅ የፊዚክስ ሊቃውንት፣ ቶማስ ፊንክና ዮንግ ማኦ፣ በ1999 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ከረባት በ85 መንገድ ሊታሰር እንደሚችል በሒሳብ ማሳየታቸውን ነገረን። 17ኛው ቁጥሩ አርጅቷል አለ፤ በኋላ የመጡ የሒሳብ ሰዎች ጠባቡ ጫፍም ጠምዛዥ ይሁን፣ ጠመዘዛዎቹም ይብዙ ብለው ሲቆጥሩ 177,147 አግኝተዋል። 18ኛው ከነዚህ ውስጥ ሰው የሚያስረው ስንቱን እንደሆነ ጠየቀ፤ የራሱን መልስም ሰጠ፤ አንድ። አባቱ ያሳየውን።

ዊንዘር የሚባለው ወፍራም ቋጠሮ ሲነሣ ግን ነገር ከረረ። 19ኛው ስሙን የተሸከሙት መስፍን፣ በ1936 የእንግሊዝን ዙፋን የለቀቁት ኤድዋርድ 8ኛ፣ እንደፈለሰፉት ጻፈ። 20ኛው እሳቸው ያንን ቋጠሮ አስረው እንደማያውቁ፣ ቋጠሯቸው ወፍራም የሚመስለው ከረባቶቻቸውን ወፈር ባለ ገበር ስለሚያሠሩ መሆኑን፣ የሚያስሩትም ሁላችን የምናውቀውን ተራውን ቋጠሮ እንደነበር አስረዳ። ትክክል የሆነው 20ኛው ነው። ግን ትክክል መሆን አልበቃው ብሎ 19ኛውን ካለማወቁ ጋር አብሮ ቀበረው፤ 19ኛውም ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም።

21ኛው መላሽ የሚዜው ጥያቄ የት ገባ ብሎ ባይጮህ ኖሮ ሁላችንም ረስተነው ነበር። ጠያቂውም የሆነውን ይዞ በ22ኛው ከተፍ አለ። ክሯን ነቅሏታል። በወረንጦ ይዟታል። ለክብሪት ሰጥቷታል። ክሯም ተኮማትራ፣ ቀልጣ፣ ጥቁር ዶቃ ሆነች። አጎቱ ሻርፑን ሲሰጡት ሐር መሆኑን ደጋግመው ነግረውት ነበር፤ እሳቸውም በራሳቸው ሠርግ ቀን ለብሰውት ነበር። አሁን ምን እንደሚያደርግ አላወቀም፤ ጽሑፉም እንደ መጀመሪያው ደፋር አልነበረም።

23ኛው ሳቀበት። 24ኛው ሳቁን ይዞ ቀጠለ፤ ከረባት ሞተ ያለ ሰው ፕላስቲክ አንገቱ ላይ አድርጎ ወደ ድግስ ሊሄድ ነው። 25ኛው አዲስ እንዲገዛ መከረው። የ26ኛዋ፣ የልብስ ሰፊዋ፣ መልስ ግን ሌላ ነበር። ይህን መጠርጠር የነበረባት ገና ጥያቄውን ስታነብ እንደነበር ጻፈች፤ ምክንያቱም ሐር ዕድሜ ሲጠግብ፣ ብርሃንና ላብ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ከአጎቱ ሠርግ እስከ ዛሬ ድረስ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ የቆየ ሻርፕ ሐር የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። ፖሊስተር ጉዳቱ አየር አያሳልፍም፣ አንገት ላይ ይሞቃል፤ ለአንድ ምሽት፣ ከካፖርት ሥር ለደቂቃዎች ግን ማንም አይለየውም፤ ማንሸራተቱንም ያንሸራትታል። አጎትየውን በተመለከተ ደግሞ ዶቃዋን ጥሎ ዝም እንዲል ነገረችው። እሳቸው የሰጡት ሐር ነው። እዚህ ላይ ማንበቤን ለአፍታ አቆምኩ።

ከ27 እስከ 35 ያሉት በሙሉ ያቺ የጥያቄው የመጨረሻ መስመር የጎተተቻቸው ናቸው፤ ከረባት ሞቷል ወይስ አልሞተም። ሞቷል ባዮቹ ማስረጃ አላነሳቸውም። ጃፓን በ2005 ኩል ቢዝ በተባለው ዘመቻ የመሥሪያ ቤቶች ማቀዝቀዣ 28 ዲግሪ ላይ እንዲቆም፣ ሠራተኛውም ያለ ከረባትና ያለ ኮት እንዲገባ አድርጋለች። በ2017 የእንግሊዝ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ከረባት ለመናገር ግዴታ እንዳልሆነ ተናግረዋል። በፌብሩዋሪ 2021 የኒው ዚላንዱ የማኦሪ ተወካይ ራዊሪ ዋይቲቲ በከረባት ፈንታ የሕዝባቸውን የአንገት ጌጥ አድርገው በመምጣታቸው ከምክር ቤቱ ተባረሩ፤ ብዙም ሳይቆይ የከረባት ግዴታው ራሱ ተባረረ። 30ኛው ሐኪም ነኝ ባይ በበኩሉ በ2018 ከጀርመን ኪል የወጣውን ጥናት ጠቀሰ፤ ከረባት ጠበቅ አድርገው ያሰሩ 15 ወጣቶች ወደ አንጎላቸው የሚሄደው ደም በአማካይ በ7.5 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በ2003 የወጣ ሌላ ጥናትም የጠበቀ ከረባት የዓይን ውስጥ ግፊትን እንደሚጨምር አሳይቷል።

31ኛው ከረባት ወዳድ ለዚህ የሰጠው መልስ በክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የሰላው ነው። ጠበቅ አድርገው የሚለውን ቃል ሐኪሙ ራሱ ጽፎት ራሱ እንዳላነበበው አመለከተ። ጥፋቱ የኮሌታው ነው፤ በአንገትና በተቆለፈ ኮሌታ መካከል ሁለት ጣት ካልገባ ሸሚዙ ጠቧል፤ ከረባት የተሰጠው ሥራ ኮሌታውን መክደን እንጂ አንገት ማነቅ አይደለም። እንዲህ ከሆነማ ጫማ የጠበበው ሰው እግር ጎጂ ነው ብሎ ይጻፍ ሲል አከለ። ሐኪሙ ተቆጣ፤ 32 እና 33 በሁለቱ መካከል የተደረገ ድብድብ ነው፤ አንተ ተባብለው፣ ስለ እውቀት ደረጃ ተሰዳድበው። 34ኛውን አስተዳዳሪዎቹ ስላነሱት ቦታው ባዶ ነው፤ ምን እንደነበር ከ35ኛው ንዴት መገመት ይቻላል።

አየሩን ያረገበው 36ኛው በራሱ ላይ በመሳቅ ነው። አንድ ጊዜ ዓይኑ የወደደውን ባለ ሰያፍ መስመር ከረባት አስሮ ስብሰባ ገባ። ከፊት ለፊቱ የተቀመጡ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና በየትኛው ክፍለ ጦር እንዳገለገለ ጠየቁት። እሱ ወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። እንግሊዞች ዘንድ መስመሩ የክፍለ ጦር ወይም የትምህርት ቤት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከለባሹ ግራ ትከሻ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ጎኑ ይወርዳል። የአሜሪካ ከረባት ሠሪዎች መስመሩን ገልብጠው በተቃራኒው ማውረዳቸው ማንም የማንንም ምልክት ሳይሰርቅ እንዲለብስ ያስችላል። ከዚያ ቀን ወዲያ ከረባት ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው አቅጣጫውን ነው።

37ኛው ስለ አብራሪዎች ጻፈ፤ ከርዕስ ወጣ ያለ ቢመስልም እኔ የወደድኩት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክፍት አውሮፕላን ላይ የተቀመጠ አብራሪ ጠላት ከየት እንደሚመጣ ለማየት አንገቱን ሲያዞር ይውል ነበር፤ ሻካራው ኮሌታ እንዳይልጠው ሐር ይጠመጥማል፤ በዚያው ጫፍ ከሞተሩ የሚረጨውን የጉሎ ዘይት ከመነጽሩ ላይ ይጠርጋል። ሻርፕ ይንሳፈፋል ተብሎ በሥዕል የሚታየው ያ ነው። ለዚህ 38ኛው የኢሳዶራ ደንከንን መጨረሻ አመጣ፤ ዳንሰኛዋ በሴፕቴምበር 1927 ኒስ ከተማ ውስጥ ክፍት መኪና ላይ ሳለች ረጅሙ የሐር ሻርፗ ጎማ ውስጥ ገብቶ ሕይወቷ አለፈ። ለሚዜ የሚሰጥ ምክር አይመስለኝም፤ ግን ተጻፈ።

39 እና 40 ወደ ቀን ሻርፕ ሄዱ። የሱፍና የካሽሚር ሻርፕ ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ያዝ ስለሚያደርግ ይታሰራል። ለሁለት ታጥፎ አንገት ላይ ይደረግና ሁለቱ ጫፎች በእጥፋቱ ቀለበት ውስጥ ይገባሉ፤ ወይም አንድ ዙር ይዞርና ጫፎቹ ወደ ፊት ይለቀቃሉ። ከሙሉ ልብስ ጋር ግራጫና ጥቁር ሰማያዊ አያሳፍሩም። ሻርፑ ከከረባቱ ጋር በአንድ ዓይነት ጨርቅ ባይሆን ይመረጣል ያለው 40ኛው ነው፤ ምክንያቱን ግን አልሰጠም፤ እኔም በምክንያት ሳይሆን በዓይን ነው የምስማማው። 41ኛው የቢራቢሮ ከረባት ማሰር ላቃተው ሚዜ ቋጠሮው የጫማ ክር ቋጠሮ ራሱ መሆኑን፣ መጀመሪያ ከጉልበቱ በላይ ጭኑ ላይ አስሮ እንዲለማመድ፣ ከዚያ ወደ አንገቱ እንዲወጣ አስተማረው። ከዚህ ሁሉ የታሪክ ክምር ይቺ ናት የጠቀመችው ብዬ እገምታለሁ። 42ኛው አመሰገነ። 43ኛው 42ኛውን አመሰገነ።

ከዚያ ክሩ ለሁለት ሳምንት ዝም አለ። ጠያቂው በ44ኛው ተመለሰ፤ ሠርጉ አልፏል። በር ላይ ሲደርስ እንደተመከረው ካፖርቱን አወለቀ፤ ሻርፑን አጣጥፎ እንዳይጠፋ በካፖርቱ እጅጌ ውስጥ አስገባና ለልብስ ጠባቂው ሰጠ። አዳራሽ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ አጎቱ መጡ። ከሰላምታ በፊት ዓይናቸው አንገቱ ላይ ነበር። ሻርፑ የት ሄደ? በ3ኛው መልስ ያነበበውን፣ ስለ ካፖርትና ስለ ሸሚዝ ኮሌታ፣ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ሮጦ ሄደ፤ ከእጅጌው መዘዘው፤ ጫፎቹን እኩል አድርጎ ቱክሲዶው ላይ አንጠለጠለ። እራት እስኪነሣ ድረስ እንደዚያው ነበር፤ ላቡ በጀርባው እየወረደ። አጎቱ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሁሉ ሐር መሆኑን ይናገሩ ነበር።

4ኛው ይህን አንብቦ ዝም ሊል አልቻለም፤ በ45ኛው ላይ ገና በመጀመሪያው ቀን ያለው መድረሱን አወጀ። 46ኛው 3ኛው ነው። እርስዎ ብሎ ጀመረ፤ ሻርፑ ፎቶ ላይ እንዴት እንደወጣ ጠየቀ፤ ሌላ አልጨመረም።

47ኛው ክሩን ያላነበበ ሰው ነው። በክር እንደ ሹራብ የተሠራ ከረባት ቢሰቀል ይረዝም እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ይረዝማል፤ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ማንም አልመለሰለትም።